አከራዬ የወደዱት አምፕሊፋየር

ሰርግ ቤት ስትሄዱ ቤዝ ጊታር የሚጫወተውን ሰው ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? እውነቱን ተናገሩ። አላያችሁትም። ዘፋኙን ታያላችሁ፤ እሱ የሚለብሰው እንዲታይ ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹንም ታያላችሁ፤ እሱ ደግሞ ካላያችሁኝ እያለ ይወዛወዛል። ከኋላ፣ ከመጋረጃው ጎን፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብሎ የቆመ አንድ ፍጡር አለ። ያ ሰው እኔ ነኝ።

የሚገርመው ስጫወት ማንም ልብ አይለኝም፤ ሳቆም ግን ሁሉም ያውቃል። «ምነው ቀዘቀዘ?» ይላል ሙሽራው። «ምነው ጭፈራው ላላ?» ትላለች የሙሽሪት አክስት። ምን እንደጎደለ ግን የሚያውቅ የለም። እንደ ጨው ነኝ ማለት ነው። ወጡ ጣፍጦት ጨውን ያመሰገነ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በነገራችን ላይ ሙሉጌታ እባላለሁ። የደሴ ልጅ ነኝ። አሰላ የመጣሁት ጂኦግራፊ ላስተምር ተመድቤ ነው። ለጥቂት ጊዜ ነው ብዬ መጥቼ እንደ ቋንጣ ተሰቅዬ ቀረሁ። ከሰኞ እስከ አርብ ጠመኔ፣ ቅዳሜና እሁድ ቤዝ። ባንዳችን አሰላ አለ፣ በቆጂ አለ፣ ጎበሳ አለ፣ ሰርግ ያለበት ሁሉ አለ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ቤዝ ጊታር ያለ አምፕሊፋየር ምንድን ነው? ምላስ የሌለው ደወል ነው። መብራት ሳይሰኩ ቢመቱት ድመት በር ስትቧጭር የምታሰማውን ያህል ነው የሚሰማው። ስለዚህ ግማሹ ጊታር አንገታችሁ ላይ ነው፣ ግማሹ መሬት ላይ የተቀመጠው ሳጥን ነው። ሰው ግን ጊታሩን ሲመርጥ ይከርምና ሳጥኑን ከመንገድ ላይ ያነሣል። እኔም እንደዚያው አደረግሁ።

ጥፋቱ የካሳሁን ነው። ካሳሁን የባንዳችን ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ከሚያውቀው ነገር ይልቅ ስለማያውቀው ሲያወራ ያምርበታል። «ጊታር ጊታር ነው፤» አለኝ። «የተራ ጊታር ትንሽዬ አምፕሊፋየር ግዛ። በአንድ እጅህ አንጠልጥለህ ትሄዳለህ። ለምን ትሸከማለህ?» እኔም መሸከም የማልወድ ሰው ነኝና አመንኩት። የምሳ ዕቃ የምታክል አንዲት ነገር ገዛሁ።

ይዣት መጀመሪያ የሄድኩት በቆጂ ነው። በቆጂን ታውቁታላችሁ፤ ንፋሱ ራሱ እንደ አገሩ ልጆች ሩጫ የሠለጠነ ነው። ድንኳኑ የተተከለው ገብስ የታጨደበት ሜዳ ላይ ነበር። ዘፋኙ ጀመረ፣ ካሳሁን ተወዛወዘ፣ እኔም መታሁ። የመታሁትን እኔ ራሴ አልሰማሁትም። ወፍራሙን ክር ብመታ ትንሿ ሳጥን «እ?» የምትል ነው የምትመስለው። ጥቂት ቆይቶ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ መጡ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። እያዘኑልኝ፣ «ልጄ፣ ሥራ ፈትተህ ከምትቆም ድንኳኑን ንፋስ ሊወስድብን ነው። ገመድ መያዝ ካልቀረልህ ይሄንንም ያዝልን» አሉኝ።

እልህ ያዘኝ። የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። የስፒከሩ ወረቀት ለሁለት ተቀደደ። ከዚያ በኋላ የምትሰጠው ድምፅ ጉንፋን የያዘው በግ ሲያስል የሚሰማው ዓይነት ሆነ። የዚያን ጊዜ ግን ሁሉም ሰማኝ፤ ሙሽራው እንኳን ዞሮ አየኝ። እኔም አምፕሊፋየሬን አጠፋሁና የድንኳኑን ገመድ ያዝኩ።

ትምህርቱ ቀላል ነው። የቤዝ ድምፅ ሰፊ ነው፤ ሰፊ አፍና የማይንቀሳቀስ ሆድ ይፈልጋል። የዝሆንን ጩኸት በዋሽንት ልናወጣው አንችልም። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ? መከራ መከረኝና ሁለተኛውን ልገዛ አዳማ ወረድኩ።

አዳማ አንድ ሆቴል ውስጥ ይጫወት የነበረ ባንድ ተበትኖ የቤዝ አምፕሊፋየሩን እየሸጠ ነው ተባልኩ። ለምን እንደተበተኑ አልጠየቅሁም። በኋላ ዕቃውን ስሸከመው ገባኝ። አሁን እናንተም የምትገዙ ከሆነ ስሙኝ። የራሳችሁን ጊታር ይዛችሁ ሂዱ። ከሁሉ ወፍራሙን ክር ምቱና ሌላ ሰው እንዲቀጥል አድርጋችሁ ራቅ በሉ፤ ቤዝ አጠገቡ ሲቆሙ ያታልላል፣ እውነቱን የሚናገረው ከሩቅ ነው። ማንም ሳይነካው እንደ ንብ የሚያጉረመርም ከሆነ ተዉት። ዋት ዋት የሚላችሁን ሻጭ ብዙ አትስሙ። ከሁሉም በላይ ግን፣ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጊዜ አንሡት። እኔ ሁሉንም አደረግሁ፣ ማንሣቱን ብቻ ረሳሁ።

እንዴት አሰላ እንደደረሰ እኔና ወገቤ ነን የምናውቀው። ሚኒባሱ ውስጥ የኋላውን ወንበር ይዞ ተቀመጠ። አጠገቡ የነበረች ሴትዮ ዳገቱን ስንጀምር እንቅልፍ ወሰዳትና ጭንቅላቷን እሱ ላይ ጣል አድርጋ ተኛች። አሰላ ስንደርስ ነቅታ «ይቅርታ ወንድሜ» አለችው። እኔን አይደለም፤ እሱን።

አሁን አከራዬን ላስተዋውቃችሁ። አደ ድንቄ ይባላሉ። አደ ማለት እዚህ አገር እትዬ እንደማለት ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ቤታቸው ከድሮዎቹ የአሰላ ቤቶች አንዱ ነው፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ ሰፊ በረንዳ፣ የጣውላ ወለል። እኔ የተከራየሁት ከሳሎናቸው ጎን ያለችውን፣ የራሷ የጓሮ በር ያላትን ክፍል ነው። ሕጋቸው ጥቂት ነው። ሰካራም አይገባም፣ ዶሮ አይረባም፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ አይሰካም። ስለ አምፕሊፋየር የተባለ ነገር የለም። ማን ያስበዋል?

በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ስጎትተው በረንዳ ላይ ቆመው አገኙኝ። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣

«ኢልማኮ፣» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። «አሰላ ላይ ፍሪጅ ምን ያደርግልሃል? በርህን ከፍተህ ብትተኛ ያው ነው።»

«ፍሪጅ አይደለም አደ ድንቄ፣ አምፕሊፋየር ነው። የሙዚቃ።»

«ቶሌ፣ እሺ። ሥጋ ብቻ እንዳታቆይበት፤ መብራት ሲጠፋ ይሸታል።»

ግትር መሰሉኝ። ሁልጊዜም እንደዚሁ ነበሩ። «እንዴት አደሩ?» ስላቸው «ሽንኩርቱማ ተወደደ፣ አትጠይቀኝ» ይሉኛል። «ውኃ መጣ ወይ?» ስላቸው «ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች» ይሉኛል። ማን እንደሆነች ሰላም ያለችኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ የትልቅ ሰው ወግ ነው፣ የፈለጉትን ነው የሚመልሱት ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ሰካሁት። የድምፁን ቁልፍ ትንሽ ብቻ ከፍቼ ወፍራሙን ክር አንድ ጊዜ መታሁ። አቤት! ወለሉ እንደ ከበሮ ነው ለካ። ጣውላው ከእኔ ክፍል ተነሥቶ በግድግዳው ሥር አልፎ ሳሎናቸው ይገባል። ብፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች በአንድነት ዘመሩ። ደነገጥኩ። አሁን ይመጡብኛል፣ ነገ ቤት ፍለጋ ልዞር ነው አልኩ። ጠበቅሁ። ዝም። እንደገና መታሁ። ብርጭቆዎቹ ዘመሩ። ከአደ ድንቄ ግን ድምፅ የለም።

የመጡት ጋሽ ተሾመ ናቸው። ጋሽ ተሾመ የአጥር ጎረቤታችን ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የስንዴ ኮምባይነር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ዜና የማያመልጣቸው ሰው ናቸው። ነጠላ ጫማቸውን አንዱን ብቻ አድርገው ነው የደረሱት።

«መምህር፣ አንተ የጂኦግራፊ ሰው ነህ። መሬቱ ምን ሆኖ ነው?»

«ጋሽ ተሾመ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ነኝ።»

«ምኑ ነህ?»

«የሚያንቀጠቅጠው። ጊታር ነው፤ እየተለማመድኩ።»

ጊታሩን አዩት። እኔን አዩኝ። «እንጨት ላይ ክር ወጥረህ መሬት ልታንቀጠቅጥ?» አሉ። «እኔ ኮምባይነር ነድቻለሁ፤ የእኔ ብፌ ለኮምባይነርም ነቅነቅ ብሎ አያውቅም። ሕዝቡ እንዳይደናገጥ ብለህ ነው የምትደብቀው።» ብመታላቸውስ? መታሁላቸው። ግድግዳውን ተደግፈው «ይኸው! ይኸው እንደገና መጣ!» ብለው ሮጠው ወጡ። የዚያን ቀን እራታቸውን ግቢ ውስጥ ነው የበሉት።

እንግዲህ ያልኳችሁን መዝግባችሁ ከሆነ ይሄንንም ጨምሩ። የቤዝ አምፕሊፋየር ጣውላ ላይ ወይም ጥግ ላይ አይቀመጥም፤ ወለሉም ግድግዳውም ያግዘዋል፣ እናንተ ሳታዙት ይጮኻል። ከሥሩ ለስላሳ ነገር ይደረግለታል። እኔም ለጋሽ ተሾመ እንቅልፍ ስል ከገበያ ወፍራም ስፖንጅ ገዝቼ ከሥሩ አነጠፍኩ። ድምፁ አደብ ገዛ። ብርጭቆዎቹም ዝም አሉ። ደስ አለኝ።

ብዙም ሳልቆይ በሬ ተንኳኳ። አደ ድንቄ ናቸው።

«ትናንት ደህና ስትጫወት ነበር። ዛሬ ለምን አቆምክ?»

«አላቆምኩም፣ እየተጫወትኩ ነው።»

«ለምን አቆምክ ነው የምልህ።»

እየጮኽኩ «አላቆምኩም!» አልኩ። ጊታሩን እያሳየሁ ክሩን መታሁ። እግራቸውን ተመለከቱ። ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ባዶ እግራቸውን ጣውላው ላይ አደረጉ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከአምፕሊፋየሩ ሥር አዩና ስፖንጁን ይጎትቱት ጀመር። «አደ ድንቄ፣ ይከብዳል!» ብልም አልሰሙኝም። እንዴት እንዳወጡት አላውቅም፤ እኔ ሳነሣው ወገቤ ይሰበራል። ስፖንጁን በብብታቸው ይዘው «በል ምታ» አሉኝ። መታሁ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፊታቸው ላይ የመጣውን ነገር እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሩቅ አገር ከሄደ ዘመዱ ደብዳቤ እንደደረሰው ሰው።

ያኔ ገባኝ። ግትር አይደሉም። አይሰሙም።

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡና ነገሩን ራሳቸው አወጡት። አደ ድንቄ በጉብዝናቸው ጊዜ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበሩ። ያኔ ከአሰላ አዲስ አበባ ለመደወል በእሳቸው ጆሮ በኩል ማለፍ ግድ ነው። ማን ታመመ፣ ማን ተካሰሰ፣ ማን ማንን ወደደ፣ ከሁሉ ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። አውቀው ደግሞ አንድ ቃል አውጥተው አያውቁም። «የአሰላ ጆሮ» ነበር የሚባሉት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሳቸው ግን ዘመድ ነበር፣ እንጀራቸው ነበር። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ቀስ እያለ ጥሏቸው ሄደ። ለማንም አልተናገሩም። ድንቄ ደነቆረች ከሚባል ሽንኩርት ተወደደ ማለት ይሻላል ብለው ነው።

«ዋናው ሰናይት እንዳታውቅ ነው፤» አሉኝ። ሰናይት አንድ ልጃቸው ናት፤ አዳማ ባሏ ጋ ትኖራለች። ስትመጣ ስትሄድ ቤቱን ሽጪና ከእኔ ጋ ኑሪ ትላቸዋለች። «አለመስማቴን ካወቀች በማግስቱ ጭና ትወስደኛለች። አዳማ ደግሞ እሳት ነው። እኔ ገብስ ነኝ ኢልማኮ፤ ቆላ አልበቅልም።»

ከልጃቸው ሌላ የቸገራቸው ነገርም ነበር። የግቢው በር። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ በሩን በዓይናቸው ይጠብቃሉ። ከሰዓት ንፋሱ ሲነሣ ግን ሳሎን ይገባሉ፤ ያኔ የመጣው ሰው ቆርቆሮውን ሲደበድብ ውሎ ተቀይሞ ይመለሳል። ዕድርተኞቹ «ድንቄ ኮርታለች» ማለት ጀምረዋል። እናም እኔ በወረቀት እየጻፍኩላቸው ተስማማን። እኔ የማስተምረው ጠዋት ጠዋት ነው፤ መስኮቴ ደግሞ ወደ በሩ ያያል። ሰው ሲመጣ ወፍራሙን ክር ረገጥ ረገጥ አድርጌ ዱም ዱም አደርጋለሁ። እሳቸው በእግራቸው ይሰሙና ወጥተው ይከፍታሉ። ለራሴ ስለማመድ ደግሞ ቀድሜ በእጄ ምልክት እነግራቸዋለሁ።

ይኼ ዘዴ እንዴት እንደሠራ ብታዩ! የከተማው ሰው ቆርቆሮውን ገና ከመንካቱ አደ ድንቄ «መጣሁ!» እያሉ ይወጣሉ። «ጆሮዋ እንደ ጥንቱ ነው» ተባለ። መብራት ሲጠፋ ብቻ ሁለታችንም አብረን እንደነቁራለን። እኔም ኮራሁ። ቤዝ ተጫዋች ከሆንኩ ጀምሮ መታሁ ብዬ አንድ ሰው ብድግ ሲልልኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ካሳሁን አዲስ ዘፈን አመጣ። እሁድ ጎበሳ ሰርግ አለብን፣ ሙሽራው ይሄን ካልሰማሁ አላገባም ብሏል አለኝ። የቤዙ አካሄድ ቀላል ነው፦ ዱም ዱም፣ ጸጥ። ዱም ዱም፣ ጸጥ። ከገበያ ስመለስ የአደ ድንቄ በር ዝግ ነው፤ ለቅሶ ሄደዋል አልኩና በጓሮ በሬ ገብቼ፣ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ልምምዴን ጀመርኩ።

ለቅሶ አልሄዱም። ሰናይት ከአዳማ መጥታ ሳሎን ተቀምጠው ነበር። ብርድ ገባ ብላ በሩን የዘጋችው ሰናይት ናት።

ከግድግዳው ወዲያ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ዱም ዱም ስል አደ ድንቄ ይነሣሉ። «ሰው መጣ» ብለው ወጥተው የግቢውን በር ይከፍታሉ። ማንም የለም። ተመልሰው ሳይቀመጡ ዱም ዱም። ይነሣሉ። ይከፍታሉ። ማንም የለም። ሰናይት «እማዬ፣ ማንም አላንኳኳም እኮ» ትላለች። እሳቸው የምትለውን ባይሰሙም ፊቷን አይተው «አሁን ነው የሄደው፣ ጀርባውን አይቼዋለሁ» ይላሉ። ዱም ዱም። ሰናይት እኮ የእኔን ጊታር ትሰማለች፤ ግን ተከራዩ እየተለማመደ ነው ብላ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ቤዝን ማን ልብ ይለዋል?

እኔ ደግሞ ያን ቀን ከመቼውም ይልቅ ጣቴ ተቃንቶልኝ ደጋገምኩት።

በመጨረሻ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሰናይት ናት። ፊቷ በእንባ ታጥቧል። ገባችና አምፕሊፋየሩ ላይ ቁጭ አለች። «መምህር፣ አንተ አብረሃት ነው የምትኖረው። እባክህ እውነቱን ንገረኝ። እናቴ ከጀመራት ቆየ?»

«ምኑ?»

«አእምሮዋ። የሌለ ሰው ትሰማለች። ይኸው ከምሳ ጀምሮ ማንም ሳይኖር በር ስትከፍት ነው የዋለችው። የአባቴ እናት እንዲሁ ነበር የጀመራት። በኋላ እኛንም አላወቀችንም።»

ምን ልበል? አእምሯቸው ደህና ነው፣ ጆሯቸው ነው እንጂ ብል የሰው ምስጢር ማውጣት ሆነ። ዝም ብል ደግሞ ልጅቱ እናቷን ዓይኗ እያየ ልትቀብራት ነው። «እንደ እሱ እንኳን አይደለም...» ብዬ ስንተባተብ፣ የግቢው በር በእውነት ተደበደበ። ቆርቆሮው ይጮኻል። ጋሽ ተሾመ ናቸው፤ «መምህር! ዛሬስ አትክደኝም! ከሰዓቱን ሙሉ ሲያንቀጠቅጠን ነው የዋለው!» ይላሉ። እጄ ወደ ክሩ ሄደ። ግን ሰናይት የተቀመጠችው አምፕሊፋየሩ ላይ ነው፤ ሰው ተቀምጦበት ከሥሩ ዱም አይባልም።

በሩ ይደበደባል። ከሳሎን የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ሰናይት ጣቷን ወደ ሳሎኑ ቀሰረች። «ይኸው! የሌለው ሲያንኳኳ ትከፍታለች፣ ያለው ሲያንኳኳ አትሰማም! አለቀላት እናቴ!» ብላ ጮኻ አለቀሰች።

ይሄኔ አደ ድንቄ በበሬ ብቅ አሉ። ልጃቸው ወጥታ ስትዘገይባቸው ሊፈልጓት ነው የመጡት። ልጃቸው እያለቀሰች ነው፣ እኔ አጠገቧ አንገቴን ደፍቻለሁ። አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ነገርካት!» አሉኝ። «ነገርካት አይደል? እኔ የከተማውን ምስጢር በሙሉ ይዤ አርጅቻለሁ፣ አንተ የእኔን አንዲቷን መያዝ አቃተህ?»

«አደ ድንቄ፣ እኔ ምንም...»

አይሰሙማ! ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አዎ፣ ደንቁሬያለሁ! ምን ይሁን? አልሰማም! በሩንም፣ ስልኩንም፣ አንቺንም አልሰማሽም! በዚህ ልጅ ሳጥን ነው በእግሬ እየሰማሁ የከረምኩት። በይ አሁን ሽጪው ቤቱን! አዳማሽ ውሰጂኝና ቀቅዪኝ!»

ነገር ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? ማንም ሳይጠይቃቸው ራሳቸው ዘረገፉት። እኔም የምገባበት ጠፍቶኝ ጊታሬን አቀፍኩ።

ሰናይት ከተቀመጠችበት ቀስ ብላ ተነሣች። እናቷን አየች። እኔን አየች። አምፕሊፋየሩን አየች። «ጆሮ ነው?» አለች። «ጆሮ ብቻ ነው?» ወደ እኔ ዞራ፣ «አሁን ምታው እስቲ» አለችኝ። ዱም ዱም አደረግሁ። አደ ድንቄ ሳይፈልጉ ፊታቸው ወደ ግቢው በር ዞረ።

ልጅቱ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እየሳቀች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትስቃለች። «ተመስገን! ደንቁረሽ ነው! እማዬ፣ ደንቁረሽ ነው ለካ!» ትላለች። ሰው እናቱ መደንቆሯን ሰምቶ እንዲህ ሲደሰት እኔ አይቼ አላውቅም። አደ ድንቄ ምን እንደምትል ስላልሰሙ በልጃቸው ትከሻ ላይ እያዩኝ «አበደች?» አሉኝ። «አእምሮዎ የታወከ መስሏት ነበር» ብዬ ጻፍኩላቸው። አንብበው እሳቸውም ሳቁ። ጋሽ ተሾመን ማንም አልከፈተላቸውም። በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው «እዚያ ቤት በሕይወት የተረፈ አለ?» ሲሉ ነው ያስታወስናቸው።

ቤቱ አልተሸጠም። ሰናይት፣ ቁም ነገሩ ጆሮ ከሆነማ መድኃኒት አለው ብላ እናቷን አዳማ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ሲመለሱ ከጆሯቸው ጀርባ ባቄላ የምታክል ነገር ተለጥፋለች። አቤት የዚያ ሰሞን ደስታ! ዕድርተኛው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ እያለ መጣ። አደ ድንቄ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ይሰማሉ፣ የጎረቤት ሐሜት ይሰማሉ፣ «እንዴት አደሩ?» ስላቸው «ደህና፣ አንተስ?» ይሉኛል። እንዴት እንደናፈቀኝ ያ የሽንኩርቱ መልስ!

እኔም አሰብኩ። እኚህ ሴት በእግራቸው ብቻ ሰምተውኝ እንዲህ ከወደዱኝ፣ በጆሯቸው ቢሰሙኝማ ምን ሊሉ ነው? ከልቤ ተዘጋጀሁ። አምፕሊፋየሩን ወለወልኩ፣ ክሮቹን ቀየርኩ፣ ቁልፎቹን አስተካከልኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ወንበር አቅርቤ ጋበዝኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንደ እንግዳ ተቀመጡ። የማውቀውን ሁሉ ተጫወትኩላቸው። የአርሲውን፣ የወሎውን፣ የጎበሳውን ሰርግ ዘፈን። ላብ በላብ ሆንኩ።

ስጨርስ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ነካቸው አልኩ በልቤ።

«ኢልማኮ፣» አሉ ቀስ ብለው። «ስትጫወት የከረምከው ይሄንን ነው?»

«አዎ፣ አደ ድንቄ።»

«ይሄንኑ?»

«ይሄንኑ።»

ትልቅ ሰው ናቸው፤ ክፉ ቃል አልተናገሩም። እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሰደዱና ያቺን ባቄላ አወለቁ። በመሀረብ ቋጠሯት። ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ፣ ባዶ እግራቸውን ጣውላው ላይ ዘረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«በጆሮዬ ከሆነ ሌላ ቤት ፈልግ፤» አሉኝ። «በእግሬ ከሆነ ግን እስክሞት ተጫወት።»

ካሳሁን ይሄን ስነግረው ሳቀብኝ። ይሳቅ። ሙዚቀኛ ሁሉ ጥሩ ጆሮ ያለው አድማጭ ስጠኝ ብሎ ይጸልያል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አምፕሊፋየሬን ከመሰካቴ በፊት በበሩ ብቅ ብዬ የአደ ድንቄን ጆሮ አያለሁ፤ ባዶ ከሆነ ነው ተመስገን የምለው።